ጀዊሪያ የደፈነችው ቀዳዳ

ቆቦ መናኸሪያ አካባቢ ሸራው የተቀደደበት ባለባጃጅ ወዴት እንደሚሄድ ማንንም አይጠይቅም። ከመናኸሪያው ጀርባ የእህል መጋዘኖቹን አልፎ፣ በሩ ላይ አሮጌ የጭነት መኪና ሸራ እንደ መጋረጃ የተሰቀለበት ቤት አለ፤ የጀዊሪያ ሰይድ ስፌት ቤት ነው። ጀዊሪያ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። የባጃጅ ጣሪያ ትሰፋለች፣ የወንበር ልብስ ትሰፋለች፣ ከጅቡቲ መንገድ ተንገላቶ የመጣ የአይሱዙ ሸራ ትጥፋለች። በሃያ አምስት ዓመት ሥራዋ «ስፌትሽ ተተረተረብኝ» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ የለም። ይህን እሷ አትናገረውም፤ የሚናገሩት ሹፌሮቹ ናቸው።

ይህች ሴት የሰፋችው አንድ ነገር ባለፈው ዓመት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሷል። እንዴት እንደወጣ፣ እንዴት እንደተመለሰ፣ በመካከሉም ጀዊሪያ በገዛ አንደበቷ ምን እንዳደረገች ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳ።

መጀመሪያው አባቷ ናቸው። ሰይድ ለእህል ነጋዴዎች ጆንያ ይሰፉ ነበር። ጀዊሪያ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ትልቁን የጆንያ መርፌ ይዛ ከጎናቸው ትቀመጥ ጀመር። አንድ ዓመት ከቆቦ የተጫነ አንድ ጆንያ ማሽላ ወልድያ ሲደርስ ሩቡን መንገድ ላይ አፍስሶት ተገኘ። ነጋዴው ተመልሶ መጥቶ ጆንያውን ከሰይድ እግር ሥር ጣለው። አልተሳደበም፤ ጥሎት ሄደ። ሰይድ ልጃቸውን ጠርተው ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገቡና፣ «ይሄውልሽ፤ ቀዳዳ ያለው ጆንያ ሌባ ነው። ባየሽበት ድፈኚው» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ጀዊሪያ ቀዳዳ አይታ ማለፍ አትችልም። በዱቤ ክር ሊወስድ የመጣ ልብስ ሰፊ ኪሱ ተጥፎለት ይወጣል። ባለቤቷ ሙንተሲር የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ «የወንፊት ቤት ቢሰጧት አንድም ወንፊት አይተርፍም» ይላል።

አሁን ወደ ፊኛው እንምጣ።

ዋሲሁን እዚያው ቆቦ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነው። ከእሱ ጋር እሁድ እሁድ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የሚሰበሰቡ አንድ አሥር የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከተማው «ፊኛዎቹ» ይላቸዋል። ከመካከላቸው ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል። ትርሲት በጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ካሜራውንና መለኪያዎቹን የምትገጥመው እሷ ናት። እንዳለው ደግሞ መናኸሪያ ላይ ጭነት አሳሪ ነው። ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ ቁም ሳጥን፣ ሁለት ፍየልና አራት ጆንያ ሽንኩርት አስሮ አላማጣ ድረስ አንዱም ሳይነቃነቅ ያደርሳል። ቋጠሮ የሚባል ነገር ሁሉ የእሱ ሥራ ነው።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ከዞብል ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ መንገዱን ይቀያይራል። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል፤ አንዳንዴ ግን ጎርፉ ማሳውን ራሱን ይዞት ይሄዳል። ዋሲሁን የቆቦን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር፣ ጎርፉ ከቦረቦረው ቦይ ሁሉ ጋር፣ ለተማሪዎቹ በሚያውቋቸው ሰዎች እጅ በተሠራ ዕቃ በአንድ ፎቶ ሊያሳያቸው ፈለገ። ለዚህም ከፎም የተሠራ፣ የሽንኩርት ሣጥን የማያህል ነገር ተዘጋጀ። ፎም የተመረጠው ስለሚቀልልና ብርድ ስለማያስገባ ነው፤ እዚያ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃምሳ ይደርሳልና ባትሪ ይገድላል። ሣጥኑ ውስጥ ካሜራ፣ የሙቀት መለኪያ፣ መኪና እንዳይሰረቅ የሚገጠመው ዓይነት ሲም ካርድ ያለው መጠቆሚያ አለ። ሣጥኑን የሚያነሳው በሂሊየም ጋዝ የሚሞላ ትልቅ የጎማ ፊኛ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ፊኛው ነው። መሬት ላይ ሲሞላ ከአንድ ረጅም ሰው ብዙም አይበልጥም። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግን በዙሪያው ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ ከውጭ የሚጫነው ሲቀንስ ከውስጥ ያለው ጋዝ ይዘረጋል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ አንድ ደህና ቤት ያክላል። ከዚያ ጎማው መለጠጥ ያቅተውና ይፈነዳል። መፈንዳቱ ጥፋት አይደለም፤ የመመለሻው ሰዓት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ከሞት የሚያድነው ከፊኛውና ከሣጥኑ መካከል የተንጠለጠለው ፓራሹት ብቻ ነው።

ፈቃድ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተገኘ። ለሕዝቡም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በመስጊድ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ተነገረ። ሰው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ድምፅ አለው?»

«የለውም» ተባለ።

«እንግዲያው ይሁን» አለ ሰው።

ዋሲሁን ስዕል ይዞ ጀዊሪያ ቤት የመጣው በዚያ ሰሞን ነው።

«እቴ ጀዊሪያ፣ ጃንጥላ ትሰፊልናለሽ?»

«ዝናብ በወጉ በማይዘንብበት አገር? ለማን?»

«ለሣጥን።»

«ሣጥን ምን በወጣው ጃንጥላ ይይዛል!»

«ከሰማይ ስለሚወርድ ነው።»

«ቢስሚላህ! ማን ሰቀለው ደግሞ?»

ዋሲሁን ተቀመጠና አስረዳት። ስሱ ናይሎን ጨርቅ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ግማሹ ሰማያዊ፣ ከሩቅ እንዲታይ። ስምንት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ። ስፋቱ ሲዘረጋ ሜትር ተኩል ያህል። በየመገጣጠሚያው ጫፍ ለገመድ ማሰሪያ። ስዕሉ አናት ላይ፣ ስምንቱ ቁራጮች በሚገናኙበት፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ነበረች። ስለ ክቧ አልተናገረም። ለፊዚክስ መምህር ግልጽ ነገር ናት። ጀዊሪያም አልጠየቀችም። ለልብስ ሰፊም ግልጽ ነገር ናት።

እሷ የገባት እንዲህ ነው። ስምንት ሹል ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ መግጠም ከስፌት ሁሉ ከባዱ ነው፤ ጨርቁ ይጨማደዳል፣ መርፌው ይሰበራል። «ቲቸር አዝኖልኝ ነው» አለች በልቧ። «አትችለውም ብሎ ክፍት ተወው።» አራት ቀን ያለ ክፍያ ሰፍታ ጨረሰች። በአምስተኛው ቀን ከሰማያዊው ጨርቅ ክብ እራፊ ቆረጠች፣ አናቱ ላይ ጣለች፣ ሁለት ዙር ስፌት አዞረችበት። አየር ቀርቶ ውኃ አያልፍበትም። የሠራችውን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው፤ አንድም ብርሃን አልገባም። አጣጥፋ ከረጢት ውስጥ ከታ ሰጠቻቸው።

ፊኛው የተለቀቀው መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ጠዋት፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። ዋሲሁን ፓራሹቱን ዘርግቶ ስፋቱን ለካ፣ ስፌቱን ጎተት ጎተት አደረገ፣ «ይሄ ስፌት ነው ብረት?» አለ። አናቱን ዓይኑ አይቶታል፤ ልቡ ግን ጋዙ ላይ ነበር። እንዳለው የፓራሹቱን ገመድ ከሣጥኑ አራት የብረት ቀለበቶች ጋር አሰረ። ፊኛው ተለቀቀ። ድምፅ አልነበረውም። አንገት እስኪያም ታየ፤ ከዚያ ነጥብ ሆነ፤ ከዚያ የለም።

ሣጥኑን ያገኙት በማግስቱ ነው፤ ዋጃ አጠገብ፣ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ። ሁለቱ ማዕዘኖቹ ተፈርክሰዋል፣ የካሜራው ዓይን ተሰብሯል፣ ፎቶ የሚይዘው ካርድ ለሁለት ተሰንጥቋል። ፓራሹቱ የለም። አራቱ ቀለበቶች ባዶ ናቸው።

ዋሲሁን ቀለበቶቹን ሲያገላብጥ ቆየ። ገመድ ቢበጠስ ቁራጩ ቀለበቱ ላይ ይቀራል። ጨርቅ ቢቀደድ ገመዱ ይቀራል። እዚህ ግን ምንም አልቀረም። ስለዚህ ቋጠሮው ተፈትቷል። ነገሩ ከማስረጃው ተነስቶ በሥርዓት የተሰላ ነበር፤ ችግሩ ስሌቱ የማያውቀው አንድ ሰው መኖሩ ነው። ወደ እሱ እንደርሳለን።

«እኔ ያሰርኩት አይፈታም» አለ እንዳለው፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ማንም አልተቆጣውም። እንደዚያ ዝም ከሚሉት ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ወሬው ግን መናኸሪያ ገባ፣ መናኸሪያ ደግሞ ዝም አይልም።

«እንዳለው! ፍየሌን ሰማይ ላይ እንዳትለቅብኝ!»

«ተዉት እባካችሁ፣ እሱ የሚያስረው ለመላእክት ነው!»

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ከዚያ አንድ ሹፌር የምር ሌላ ጭነት አሳሪ ጠራ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። እንዳለው ጠዋት መጥቶ ገመዱን ጠቅልሎ ይቀመጥበታል፣ ቀትር ላይ ገመዱን ተሸክሞ ይመለሳል። እሁድ ቤተ ሙከራ መምጣትም ተወ። ሙንተሲር ምሳ ላይ ቀልዱን ሲነግራት ጀዊሪያም ስቃለች። ይህን ኋላ ላይ ራሷ ነው የተናገረችው።

«ፊኛዎቹ» የቀራቸው አንድ ፊኛና አንድ ሲሊንደር ጋዝ ነበር። ሁለተኛው ሙከራ ለኅዳር ተቀጠረ። አዲስ ፓራሹት እንድትሰፋ ለጀዊሪያ ተነገራት። እሷም ስምንቱን ቁራጭ ቆርጣ አስቀመጠች፤ ዘጠነኛውን ክብ እራፊም ጭምር።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ የአንድ ጭነት መኪና ሸራ ልትለካ በሚኒባስ ወደ ዋጃ ሄደች። ከተማው ሳይገባ፣ በስተቀኝ፣ ከማሽላው በላይ ብርቱካናማና ሰማያዊ ነገር በንፋስ ተነፍቶ ቆሟል።

«ወራጅ አለ!»

«እዚህ? ዋጃ ገና ነው እኮ፣ እናቴ።»

«አውርደኝ እልሃለሁ!»

ማሽላው ደጋሊት የሚባለው ነው፤ ሰው ይውጣል። ሰንጥቃ ገባች። መሐል ላይ ማማ አለ፤ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዙ ሽማግሌ ቆመው ግሪሳ ወፍ ይጠብቃሉ። ከማማው ጎን በረጅም ምሰሶ ላይ የእሷ ስፌት ተሰቅሏል።

«አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩሙ ሰላም! ቆይ፣ ወንጭፌን ላውርደው፤ ወፍ መስለሽኝ ነበር።»

ሽማግሌው ኸይረዲን ይባላሉ። ከማማው ወረዱ።

«አያ፣ ይሄን ጨርቅ ከየት አመጡት?»

«አላህ ነው ያመጣው። ከላይ ወረደ።»

«ሣጥንስ አልነበረውም?»

«ነበረው። ሣጥኑ ባለቤት አለው ብዬ አልነካሁትም። ጨርቅ ግን ንፋስ ያመጣው ነው።»

«ከሣጥኑ ጋር ታስሮ?»

«ስለታሰረማ ፈታሁት!» አሉ ኸይረዲን፣ ለራሳቸውም ትንሽ አፍረው ሳቁ። «ግን አንቺ ልጅ፣ ማን ነው ያሰረው? ከዙህር ሰላት እስከ አስር ሰላት እዚያ አሸዋ ላይ ተቀምጬ በእሾህ ስጎረጉር ዋልኩ። አጃኢብ ቋጠሮ ነው!»

«ለምን አልቆረጡትም?»

ኸይረዲን እንደ ሞኝ አዩዋት። «ደህና ገመድ ይቆረጣል?»

ጀዊሪያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ስሌቱ የማያውቀው ሰው እኚህ ናቸው። የገበሬ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ቤተ ሙከራ ውስጥ ማንም አላሰበውም፤ ደህና ገመድ አይቆረጥም፣ ይፈታል።

«አያ፣ ሲወርድ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ እንጂ። እንደ ሰከረ ሰው ወዲህ ወዲያ ይላል። አንዴ ወደ ዞብል፣ አንዴ ወደ መንገዱ። እንዲህ ሲወዛወዝ ሲወዛወዝ በገመዱ ላይ ተጠመጠመ፣ እንደ ተጨመቀ ነጠላ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ዱብ።»

«አሁን ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

«አሁንማ አበጀሁት! መጀመሪያ ስሰቅለው ያንኑ ሰካራም ሆነብኝ። እየተንፈራገጠ አንድ ምሰሶ ሰበረ። ንፋሱ ከውስጥ ታፍኖ መውጫ አጣ፤ በዚህ ጎን ሲወጣ ወደዚያ ይገፈትረዋል፣ በዚያ ሲወጣ ወደዚህ። መውጫ ልስጠው ብዬ አናቱን ሳይ አንድ ክብ እራፊ ተሰፍቶበታል። ማን እንደሰፋው አላውቅም፤ እጁ ይባረክ፣ ሲፈታ እንደ ቋጠሮው አስቸገረኝ። ተርትሬ አነሳሁት፤ ረጋ።»

አያ ኸይረዲን የተናገሩት ከፊዚክስ መጽሐፉ ጋር አንድ ነው። ክዳን የተገጠመበት የፈላ ድስት ያየ ሰው ይገባዋል፤ እንፋሎቱ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጠርዝ ሲወጣ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል። ክዳኑ መሐል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለችው ግን እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ክዳኑም ዝም ይላል። ፓራሹትም እንደዚያው ነው። አናቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ ጥቂት አየር ታባክናለች፣ የቀረውን ግን ታረጋጋለች።

ሽማግሌው ከኪሳቸው ሰማያዊዋን እራፊ አወጡ። «ለቁምጣዬ አስቀምጫት ነበር። ከፈለግሽ ውሰጃት። ጨርቁን ግን ማሽላዬ እስኪታጨድ ተዪልኝ።»

እራፊዋን ተቀበለች። በዙሪያዋ የሁለት ዙር ስፌት የመርፌ ቀዳዳዎች በእኩል እኩል ርቀት ተደርድረዋል።

በማግስቱ ምሳ ላይ ለሙንተሲር ሁሉንም ነገረችው። ሙንተሲር መብላቱን አቆመ። የባጃጅ ማኅበሩ በዚያው ሳምንት የስልሳ ባጃጅ ሸራ ሊሰጣት ነበር፤ የሚሰጣትም «ስፌቷ ተመልሶ አያውቅም» ስለተባለ ነው።

«ቀላል ነው» አላት። «ገበሬው ነው የፈታው በያቸው፤ እንዳለው ነጻ ይወጣል። እራፊዋን እሳት ውስጥ ጨምሪያት። አዲሱን ደግሞ ቀዳዳ ተይለት። ማን ያውቃል?»

«ታዲያ ሣጥኑ ለምን ተሰበረ ሲሉኝ?»

«አላህ ያውቃል በያቸው።»

«አላህማ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ችግሩ እሱ ነው።»

«ስምሽ ነው እኮ የምንበላው፣ ጀዊሪያ።»

«እንዳለውስ ምኑን ይበላ?»

ሙንተሲር ትሪውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «እንግዲያው ለቲቸሩ ብቻ በጆሮው ንገሪው» አለ። እሷ ግን ይህንንም አስባበት ነበር። እንዳለው የተዋረደው በጆሮ ሹክሹክታ አይደለም፤ መናኸሪያ መሐል ነው። እንዲህ ያለው ነገር በተሰበረበት ቦታ ነው የሚጠገነው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የወልድያና የአላማጣ ሚኒባሶች በሚጫኑበት ሰዓት፣ ጀዊሪያ መናኸሪያ ገባች። እንዳለው በተጠቀለለ ገመዱ ላይ ተቀምጧል።

«እንዳለው፣ ተነስ።»

«ምነው እቴ፣ በደህና?»

«ተነስ አልኩህ። እናንተም ሹፌሮች፣ ሞተሩን አጥፉትና ስሙኝ።»

ነገረቻቸው። «ቋጠሮው ሰማይ ላይ አልተፈታም፤ መሬት ላይ አንድ ገበሬ ከዙህር እስከ አስር ታግሎ ነው የፈታው። ሣጥኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይህች እራፊ ናት የሰበረችው። ክፍት መሆን ያለበትን ሳልጠይቅ ደፈንኩት። እንዳለው አውፍ በለኝ፤ ሲስቁብህ እኔም ስቄአለሁ።»

መናኸሪያ ግን መናኸሪያ ነው።

«እንግዲህ የባጃጄን በር ደፍነሽው እንዳይሆን፣ እቴ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«የአንተን አፍ ደፍኜው ቢሆን ነበር የሚሻለው!»

ሳቁ ወደ እሷ ዞረ። እንዳለው ራሱ አልሳቀም፤ እራፊዋን ከእጇ ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጠርዟን ዳሰሰና፣ «ከዙህር እስከ አስር?» አለ።

«በእሾህ።»

«በእሾህ!» አለ እንዳለው፤ ያኔ ጥርሱ ታየ። ከደቂቃ በኋላ አንድ የአላማጣ ሹፌር፣ «እንዳለው፣ ና እንጂ፣ ጭነቱ እኮ እየጠበቀህ ነው» ብሎ ተጣራ፤ ትናንትም የጠራው ይመስል።

የባጃጅ ማኅበሩ ሊቀመንበር ግን በዚያው ቀን «ትንሽ እናስብበት» ብሎ ላከባት። ጀዊሪያ መልእክተኛውን «እሺ» ብላ ሸኘችው፣ ቀኑን ሙሉ የአንድ ወንበር ልብስ ስትሰፋ ዋለች። ከተማው ስም አወጣላት፤ «ደፋኟ»።

ዋሲሁን እንደሰማ እየሮጠ መጣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እቴ ጀዊሪያ። ክቧን ስዬ ምን እንደምትሠራ አልነገርኩሽም። በጠዋቱም ዘርግቼ እያየኋት አላየኋትም።»

«እኔም አፍ ነበረኝ፤ አልጠየቅኩም።»

ከዚህ በኋላ «ፊኛዎቹ» አንድ ደንብ አወጡ። ማንም የሠራውን ነገር ምን እንደሆነና ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለሌሎቹ አፍ አውጥቶ ሳያስረዳ ፊኛው ላይ አይታሰርም። እኔ በዚህ ደንብ በጣም ነው የተደሰትኩት። ስዕል ያየ ሁሉ አንድ ነገር አያይም፤ ተናግሮ ያስረዳ ሰው ግን ከሌላው የት ላይ እንደተለያየ ወዲያው ይታወቅበታል።

አዲሱን ፓራሹት ሰፋች። ከባዱ የቀዳዳዋ ጠርዝ ነበር። ስፌቱ አይደለም የከበዳት፤ ክፍት መተዉ ነው። ሁለት ጊዜ እጇ ሳታውቀው ወደ እራፊው ሄዷል። በመጨረሻ ጠርዟን ወደ ውስጥ አጥፋ ሦስት ዙር ሰፋችላት፣ ጣቷን አስገብታ አዞረችው። ለትርሲትም፣ «ካሜራሽ ወደ ታች ብቻ ነው የሚያየው? አንድ ትንሽ ወደ ላይ አድርጊልኝ። ዳኛ ይኑረን» አለቻት። ትርሲት ከአሮጌ ስልክ የተነቀለ ካሜራ ወደ ላይ ገጠመች።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ሲገለጥ፣ ሁለተኛውና የመጨረሻው ፊኛ ተሞላ። አያ ኸይረዲንም ተጋብዘው ከዋጃ መጡ። በደንቡ መሠረት ሁሉም የየራሱን አስረዳ። እንዳለው ቋጠሮውን እያሰረ አንድ በአንድ ተናገረ። የጀዊሪያ ተራ ሲደርስ ፓራሹቱን ወደ ሰማይ ዘርግታ በቀዳዳዋ ፀሐይዋን አሳየቻቸው። «ይቺ መውጫ ናት። ያልተነፈሰ ይሰክራል» አለች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተለቀቀ። ከዚያ መጠበቅ ነው። መጠቆሚያው የሚሠራው በስልክ ኔትወርክ ስለሆነ ከፍ ሲል ዝም ይላል፤ ወደ መሬት ሲቀርብ ነው ዳግም የሚናገረው። በመካከሉ ያለው ሁለት ሰዓት ግድም የማንም አይደለም። ትርሲት ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዋሲሁን ሜዳውን ይዞራል። ጀዊሪያ ሰላቷን ሰግዳ ተመለሰች፤ ስልኩ ዝም እንዳለ ነው። እንዳለው አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ።

«ቢሰበርስ?» አለችው።

«ቢሰበር ሁለታችንም እዚያው መናኸሪያ ነን» አላት። «አብሽሪ፣ እቴ።»

ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ስልኩ ተንጫጫ። ሣጥኑ ሮቢት ወርዷል። ከአስፋልቱ ብዙም ያልራቀ ቦታ።

በሙንተሲር አይሱዙ ተጫኑ። ሣጥኑ በታጨደ ማሳ ላይ፣ የማሽላ አገዳ ክምር ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሰው ያስቀመጠው ይመስላል። አንድ ማዕዘን እንኳ አልተነካም። ፓራሹቱ ከጎኑ በንፋሱ ተነፍቶ ይወድቃል፣ ይነፋል፣ ይወድቃል። እንዳለው ተንበርክኮ ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ። ሞከረ። አላበው።

«እሾህ ላቀብልህ?» አሉ አያ ኸይረዲን። «እስከ አስር ጊዜ አለን።»

ትርሲት ካሜራዎቹን ከላፕቶፗ ጋር አገናኝታ ፎቶዎቹን ከፈተች። የቆቦ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ታየ፤ ከዞብል የሚወርዱት ቦዮች እንደ ደም ሥር ተዘርግተዋል። ሰው ሁሉ የየራሱን ማሳ ፍለጋ ተጋፋ። ጀዊሪያ የጠበቀችው ሌላውን ፎቶ ነው፤ ወደ ላይ የተነሣውን። ስምንት ቁራጭ፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ፣ ተወጥሮ ቀጥ ብሎ። መሐሉ ላይ ክብ፤ በክቡ ውስጥ በቀን ብርሃን ጥቁር የሆነ ሰማይ። እዚያ ከፍታ ላይ ብርሃን የሚበትን አየር ስለሌለ ሰማዩ ጥቁር ነው። ያባቷ ጆንያ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የሚፈስበት ቀዳዳ ነበር።

ፎቶውን ዋሲሁን አሳትሞ ሰጣት። ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ ከጎኑም ሰማያዊዋን እራፊ በሚስማር መታቻት።

ጥር ላይ የባጃጅ ማኅበሩ ሊቀመንበር ራሱ መጣ። ፎቶውን አየ፣ እራፊዋን አየ። ታሪኩን እንደሚያውቅ ፊቱ ይናገራል፤ ግን ከእሷ አፍ ሊሰማ ፈልጓል።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ጀዊሪያ እራፊዋን ከሚስማሩ አውርዳ ሰጠችው። «ስፌቴ ናት። ጎትተህ እያት፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወጥታ፣ እንደ ድንጋይ ወርዳ አንድም የመርፌ ቀዳዳ አልተቀደደም። ቦታዋ ነው የተሳሳተው።»

ሰውየው ጎተታት። በሁለት እጁ ጎተታት። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመው ባጃጅ ዞሮ፣ «ሸራውን ከየት ጀምረሽ ነው የምትለኪው?» አላት።

«መጀመሪያ ቁጭ በልና» አለች ጀዊሪያ፣ «የቱ ክፍት እንዲሆን እንደምትፈልግ ንገረኝ።»